“ቁጥር ማሟያ” ያላችኋት ልጅ

ሰሞኑን በአንድ የስፖርት ውይይት ላይ የፓሪሱን ኦሊምፒክ መለስ ብለው ሲቃኙ የነበሩ ሦስት ሰዎች ከማራቶኑ ወሬ ወጥተው ኤለን ካርባኖቭን አነሱ። ካርባኖቭ በፓሪስ 2024 በሪትሚክ ጂምናስቲክ፣ ማለትም በሙዚቃ ታጅበው ሪባን፣ ቀለበት፣ ኳስና ዱላ ይዘው በሚወዳደሩበት ስፖርት፣ በነጠላ ውድድር ፈረንሳይን ወክላ የተሰለፈች ወጣት ናት። በአገሯ፣ በሕዝቧ ፊት ተወዳድራ አሥር ሰው ብቻ ከሚገባበት ፍጻሜ ሳትደርስ ቀረች። አንደኛው ተወያይ ይህን ሁሉ በሁለት ቃል ዘጋው፦ “ቁጥር ማሟያ”። ሁለተኛው ሳቀና “ድሮስ ሪባን ማውለብለብ ስፖርት ነው እንዴ?” ብሎ ጨመረበት። ሦስተኛው ስሟን ደግሞ ጠርቶ “ለመሆኑ ይቺ የቱ ጋ ነው ፈረንሳዊ የሆነችው?” ሲል ጠየቀ። የመለሰለት አልነበረም። ወደ እግር ኳስ ዝውውር አለፉ።

እኔ ግን ማለፍ አልቻልኩም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ይህ ደግሞ ወለምታም አይደለም። አስበውበት፣ ተራ በተራ እየተቀባበሉ የተናገሩት ነው። በስፖርት ወሬያችን ውስጥ ከሰነበተ አመለካከት የመጣ ነው፤ ሜዳሊያ ያጠለቀ ጀግና፣ ያላጠለቀ ደግሞ የሰልፍ ማሳመሪያ ተደርጎ የሚታይበት። የራሳችንን ልጆች ስንት ጊዜ በዚሁ ምላስ እንደገረፍናቸው የሚያስታውስ ያስታውሳል። አሁን ደግሞ ሄደን የሰው አገር ልጅ ላይ፣ ስለማናውቀው ስፖርት፣ ያንኑ ፍርድ እንሰጣለን።

ከሦስቱ ንግግሮች በጣም ደካማው የሁለተኛው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ሪባን ማውለብለብ ስፖርት አይደለም ያለው ሰው ሪባኑን በእጁ ይዞ አያውቅም፤ ቢይዘው ኖሮ አፉን ይዘጋ ነበር። እኔ የምኖረው ፓሪስ ዳርቻ ነው፤ ልጄ በሰፈራችን ክለብ ይህንኑ ስፖርት ትሠራለችና ዕቃውን በቅርብ አውቀዋለሁ። ለአዋቂ ተወዳዳሪ ሪባኑ ቢያንስ 6 ሜትር የሚረዝም የሳቲን ጨርቅ ነው። ከውድድር በፊት በካውያ ይተኮሳል፤ ከዚያ እንዳይታጠፍ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ አንዲት የተጨማደደች ቦታ ከቀረች አየር ላይ መስመሩን ታበላሸዋለችና። የአዳራሹ ማቀዝቀዣ የሚነፍሰው ነፋስ እንኳ ሪባኑን ከመስመሩ ያስወጣዋል፤ አሠልጣኞች ወደ አዳራሽ ሲገቡ መጀመሪያ ቀና ብለው የሚያዩት ነፋሱ ከየት በኩል እንደሚመጣ ነው። ጨርቁ አንድም ጊዜ ሞቶ ምንጣፍ ላይ መተኛት የለበትም፤ ሰውነቷ ሲዞር፣ ሲዘል፣ በአንድ እግር ቆሞ ወደ ኋላ ሲለጠጥ እጇ ሳያቋርጥ መሥራት አለበት። ከተቋጠረ ቋጠሮውን ለመፍታት የምታጠፋው እያንዳንዱ ሰከንድ ነጥብ ይበላል፤ ሙዚቃው እሷን አይጠብቅም።

ይህ እንግዲህ ከአራቱ መሣሪያዎች አንዱ ብቻ ነው። ቀለበቱ አለ፣ ኳሱ አለ፣ ጥንድ ዱላዎቹ አሉ። ተወዳዳሪዋ በአንድ ቀን በአራቱም ትወጣለች። ለእያንዳንዱ የተለየ ሙዚቃ፣ የተለየ ልብስ፣ የተለየ ቅንብር አላት፤ ጊዜው ከ75 እስከ 90 ሰከንድ፣ ቦታው 13 ሜትር በ13 ሜትር ምንጣፍ። መሣሪያውን ወደ ላይ ትወረውረዋለች፤ ዓይኗን ከእሱ ነቅላ ከሥሩ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ትገለባበጣለች፤ ከዚያ ይወርዳል ብላ ባሰበችበት ቦታ ትቀበለዋለች። በእጅ ብቻ አይደለም፤ በእግር፣ ከጀርባ፣ ተኝታ፣ ሳታየው። ከእጇ ወድቆ እዚያው ካነሳችው ግማሽ ነጥብ ይቀነስባታል፤ አንድ ሁለት እርምጃ ሄዳ ካነሳችው 0.7፤ ሦስት እርምጃና ከዚያ በላይ ከሆነ አንድ ሙሉ ነጥብ። በዚያ ላይ ያ እንቅስቃሴ ሊያስገኝላት የነበረው ነጥብም ይቀራል። ቶኪዮ ላይ እስራኤላዊቷ ሊኖይ አሽራም ሩሲያዊቷን ዲና አቬሪናን አሸንፋ ወርቅ የወሰደችው በ0.15 ልዩነት ነበር። አራት ትርኢት ተደምሮ ይህን ያህል! እዚህ ላይ “ስፖርት ነው እንዴ?” የሚል ሰው ጥያቄ እየጠየቀ አይደለም፤ አለማወቁን እያወጀ ነው።

ልብ በሉ፤ ይህን የሚሉት ሰዎች ያው ዳኛ ነጥብ የሚሰጥበትን ቦክስ ስፖርት ነው ይላሉ። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በኦሊምፒክ ሪትሚክ ጂምናስቲክ የሚወዳደሩት ሴቶች ብቻ ናቸው፤ ልብሱ ያብረቀርቃል፤ ፊታቸው ፈገግ ይላል። ፈገግታዋን ያዩና ድካም የለም ይላሉ። ፈገግታው ራሱ የሥራው አካል መሆኑን፣ እግሯ ታስሮና ተጠቅልሎ ግማሽ ጫማ ውስጥ ገብቶ ፊቷ ግን ያንን እንዳያሳይ መሰልጠኑን አያውቁም። ማወቅም አይፈልጉም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። “ቁጥር ማሟያ”።

የኦሊምፒክ የነጠላ ውድድር 24 ቦታ ብቻ ነው ያለው። ከአንድ አገር ከሁለት በላይ አይገባም። ከዓለም ዙሪያ ያሉ ፌዴሬሽኖች ዓመታት ሙሉ የሚናጠቁት ያንን 24 ቦታ ነው። ፓሪስ ላይ ነሐሴ መጀመሪያ፣ በከተማዋ ሰሜን በፖርት ደ ላ ሻፔል በተሠራው አዲስ አዳራሽ፣ 24ቱ በማጣሪያው አራት አራት ጊዜ ወጡ፤ አሥሩ አለፉ። ካልቻሉት መካከል የቡልጋሪያዋ ስቲሊያና ኒኮሎቫ አለችበት። ኒኮሎቫን ይህን ስፖርት የሚከታተል ሰው ሁሉ ለሜዳሊያ ሲጠብቃት ነበር። እሷም በእነ እንቶኔ ሚዛን ቁጥር ማሟያ ናት ማለት ነው? ወይስ ቃሉ የሚሠራው በአንድ ወገን ብቻ ነው?

ግን የእኔ ጉዳይ ከዚህ ይጠልቃል። አንድ ሰው ከፈረንሳይ ተነስቶ በዚህ ስፖርት ወደ ላይ መውጣት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ አንድ ነገር ብቻ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2016 ስድስት ኦሊምፒኮች ተካሂደዋል፦ አትላንታ፣ ሲድኒ፣ አቴንስ፣ ቤይጂንግ፣ ለንደን፣ ሪዮ። በእነዚህ ስድስት ኦሊምፒኮች በነጠላ ሪትሚክ ጂምናስቲክ 18 ሜዳሊያዎች ተሰጥተዋል። አሥራ ስምንቱም፣ አንድ ሳይቀር፣ የሄዱት ወደ ሩሲያ፣ ወደ ዩክሬንና ወደ ቤላሩስ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ! በዚህ ዘመን ከተቀረው ዓለም የመጣ ማንም ሰው፣ ስፔናዊት ይሁን ጃፓናዊት፣ ጣሊያናዊት ይሁን ፈረንሳዊት፣ ከመድረኩ ሦስተኛዋ ደረጃ ላይ እንኳ እግሩን አላሳረፈም። ወርቁን ብቻ ብንቆጥር ደግሞ ታሪኩ ከዚያም ይረዝማል፤ ከ1988ቱ የሴኡል ኦሊምፒክ ጀምሮ አሽራም ቶኪዮ ላይ እስክትሰብረው ድረስ ወርቁ ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ምድር ወጥቶ አያውቅም።

በዚህ መካከል አንዲት ፈረንሳዊት ነበረች። ኤቫ ሴራኖ ትባላለች፤ በ1978 ኒም ከተማ የተወለደች። አትላንታ ላይ በ18 ዓመቷ 6ኛ ወጣች። ሲድኒ ላይ በ22 ዓመቷ 5ኛ። ሲድኒ ላይ ከእሷ በላይ የተቀመጡት እነማን ነበሩ? ዩሊያ ባርሱኮቫ ከሩሲያ፣ ዩሊያ ራስኪና ከቤላሩስ፣ አሊና ካባዬቫ ከሩሲያ፣ ኦሌና ቪትሪቼንኮ ከዩክሬን። በቃ። ከሦስቱ አገሮች ውጭ ካለው ዓለም ሁሉ ቀዳሚዋ ይህች የኒም ልጅ ነበረች። ሜዳሊያ የላትም። በውይይቱ ሰዎች ሚዛን ብትመዘን እሷም ቁጥር ናት።

ይህን ለእኛ ለማስረዳት ብዙ መድከም የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ በሩን ከውስጥ ዘግተን የኖርን ሰዎች ነንና። በወንዶች 10 ሺህ ሜትር ከአትላንታ እስከ ቤይጂንግ አራቱን ወርቅ ኃይሌና ቀነኒሳ ሁለት ሁለት አድርገው ሲወስዱ፣ አብረዋቸው የሮጡት አውሮፓውያን በአንድ ዙር ሲደረቡ እናይ ነበር። ከእነሱ መካከል 12ኛ የወጣውን ሰው ቁጥር ማሟያ ያለ ጋዜጠኛ ትዝ ይለኛል? አይለኝም። “ከእኛ ልጆች ጋር እዚህ ድረስ መቆየቱ ራሱ” እያልን ነበር የምናወራው። ለዚያ ሯጭ ሰዓቱ ነበረለት፤ ሰዓቱ ስምና አገር አይጠይቅም። የጂምናስቲኳ ልጅ ግን እንዲህ ያለ ሰዓት የላትም። ያላት ዳኛ ነው።

የዳኝነቱን ነገር ማንም እኔ ፈጠርኩት እንዳይል። በ2000 ዛራጎዛ ላይ በተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮና የ1997ቷ የዓለም ሻምፒዮን ቪትሪቼንኮ ማንም ሊያስረዳው በማይችል ነጥብ ወደ ታች ተጣለች፤ ጉዳዩ ተጣርቶ ዳኞች ተቀጡ፤ ከሲድኒ ኦሊምፒክም ታገዱ። በ2013 ደግሞ በዳኝነት ፈተናው ላይ መኮራረጅና የውጤት መነካካት መገኘቱ ተሰምቶ በአሥሮች የሚቆጠሩ ዳኞች ስም ተነሳ። ዳኞቹ ራሳቸው ለመፈተን ሲኮርጁ የተያዙበት ስፖርት ነው! በሲድኒው ፍጻሜ የካባዬቫ ቀለበት ከእጇ አምልጦ ከምንጣፉ ወጥቶ ተንከባለለ፤ ሮጣ አመጣችው፤ በመጨረሻ ነሐስ ወሰደች። ታላቅ ስፖርተኛ መሆኗን የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ያው ቀለበት ከሴራኖ እጅ አምልጦ ቢንከባለል ኖሮ እስከ ስንተኛ ትወርድ ነበር? እኔ ከአሥሩም አትገኝም ባይ ነኝ። በዚህ ስፖርት የአገር ስም ብቻውን ከመጀመሪያው ሙዚቃ በፊት ነጥብ ይዞ ይገባል። ይህን በሒሳብ አሳይ የሚለኝ ካለ የዛራጎዛን ጉዳይ ያስታውስ፤ ዓይኑን የከፈተ ተመልካች ሁሉ ያየው ነው።

“ጣሊያንና ጀርመን እንዴት ቻሉት ታዲያ?” የሚል ይመጣል። እውነት ነው፤ ፓሪስ ላይ ሩሲያ አልነበረችም፤ መድረኩ ላይ የቆሙት ጀርመናዊቷ ዳሪያ ቫርፎሎሜቭ፣ ቡልጋሪያዊቷ ቦርያና ካሌይንና ጣሊያናዊቷ ሶፊያ ራፋኤሊ ናቸው። የቫርፎሎሜቭ ውጤት 142.850፣ የካሌይን 140.600፣ የራፋኤሊ 136.300። ግን እነዚህ ሰዎች ከመሬት ተነስተው አልመጡም። ቫርፎሎሜቭ ሳይቤሪያ ውስጥ ባርናውል ተወልዳ በ12 ዓመቷ ወደ ጀርመን የሄደች ናት፤ ሽቱትጋርት አጠገብ ሽሚደን ውስጥ የምታሠለጥናት ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ? ያችው የሲድኒዋ ባለ ብር ሜዳሊያ፣ ዩሊያ ራስኪና። እውቀቱ ከሰው ወደ ሰው ነው የሚተላለፈው፤ በመጽሐፍ አይገኝም፤ በገንዘብ ብቻ አይገዛም።

የጣሊያኑ ደግሞ የእኔን ክርክር በሙሉ በአንድ ሰው ያሳያል። ፋብሪያኖ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ወረቀት በመሥራት የታወቀች። እዚያ ከቡልጋሪያ የመጣች ክሪስቲና ጊዩሮቫ የምትባል አሠልጣኝ ክለብ ውስጥ ስትለፋ ኖረች፤ ልጇን ጁሊየታ ካንታሉፒንም አሠለጠነች። ካንታሉፒ የጣሊያን ሻምፒዮን ሆነች፤ በለንደን 2012 ለጣሊያን ተሰለፈች፤ ወደ ፍጻሜው አልገባችም። ከአሥሩ ውጭ ቀረች፤ ልክ እንደ ካርባኖቭ። ያን ጊዜ እነዚህ ሦስት ሰዎች ማይክ ፊት ቢቀመጡ ኖሮ ምን እንደሚሏት እናውቃለን። ካንታሉፒ ውድድር አቁማ ወደ ፋብሪያኖ ተመለሰችና አሠልጣኝ ሆነች። እጇ ላይ ያደገችው ልጅ ራፋኤሊ ናት። በ2022 ሶፊያ ከተማ ላይ ራፋኤሊ የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን፣ ጣሊያን በነጠላ አጠቃላይ ውድድር ያንን ማዕረግ ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ፓሪስ ላይ ነሐስ፤ የጣሊያን የመጀመሪያው የነጠላ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ። የ2012ቷ “ቁጥር” ለንደን ላይ ያየችውን፣ የሰማችውን፣ የተሰበረችበትን ነገር ሁሉ ይዛ ሄዳ ለአንዲት ሕፃን አስተማረች። ያንን ቦታ ለንደን ላይ ባትይዘው ኖሮ ራፋኤሊ ከየት ትመጣ ነበር?

ካርባኖቭም በዚያው መንገድ ላይ ናት። ከእሷ በፊት ለንደን ላይ ዴልፊን ለዱ ነበረች፤ የካሌዋ ልጅ፣ አብዛኞቹ ጓደኞቿ በ20ና በ21 ዓመት ጫማቸውን ሲሰቅሉ በ26 ዓመቷ ኦሊምፒክ ላይ የቆመች። ሪዮ ላይ ክሴኒያ ሙስታፋዬቫ ነበረች። አንዳቸውም ሜዳሊያ አላመጡም። ነገር ግን ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ የከተማው አስተዳደር ባሠራው የስፖርት አዳራሽ ሄዳ ቀለበት ስትወረውር፣ ይህ ነገር ለእኔም ይሆናል ብላ የምታምነው በእነሱ ነው። አዳራሾቹን አይቻለሁ። ምንጣፉ በወላጆች እጅ ተጎትቶ ይዘረጋል፤ የእጅ ኳስ ተጫዋቾቹ ሰዓት ሲደርስ ተጠቅልሎ ይነሳል። ጣሪያው ዝቅ ስለሚል ከፍ ያለ ውርወራ መለማመድ የሚቻለው በሁለት መብራቶች መካከል ባለች ክፍተት ብቻ ነው። እናቶች ማታ ማታ የልብሱን ፈርጥ በሙጫ አንድ በአንድ ይለጥፋሉ። ሞስኮ ውስጥ ለዚህ ስፖርት ብቻ የተሠራ ግዙፍ አዳራሽ አለ። የእኛ ሰዎች ግን ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጠው ደረጃ ብቻ ያነባሉ።

ዕድሜዋንም አስቡት። በዚህ ስፖርት አዋቂ ተብሎ መወዳደር የሚቻለው 16 ዓመት ከሚሞላበት ዓመት ጀምሮ ነው። ታላቋ ሩሲያዊት ኢቭጌኒያ ካናዬቫ ሁለተኛ ወርቋን ለንደን ላይ ስትወስድ 22 ዓመቷ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ተወዳድራ አታውቅም። አሽራም በ22 ዓመቷ አቆመች። ሴራኖም ሲድኒ ላይ 22 ነበረች። ማለትም ከስድስት ሰባት ዓመቷ ጀምራ በየቀኑ ስትለፋ የኖረች ልጅ የምታገኘው መስኮት ስድስት ሰባት ዓመት ነው፤ ኦሊምፒክ ከደረሳት አንድ፣ ካደላት ሁለት። በዚያች መስኮት አንድ ጊዜ የገዛ አገሯ ላይ ቆማ ስሟ ሲጠራ አዳራሹ ሲነሳላት የሰማችን ልጅ “ቁጥር” ማለት ምን ዓይነት ልብ ይጠይቃል?

የሦስተኛውን ሰው ጥያቄ በአጭሩ ልለፈው፤ ረጅም መልስ አይገባውም። ስሟ የፈረንሳይ ስም አይመስልም ተብላ ፈረንሳዊነቷ የሚጠየቅ ከሆነ፣ ሙስታፋዬቫም ሚንስክ ተወልዳ ነው ለፈረንሳይ የተሰለፈችው፤ የፈረንሳይ ስፖርት ግማሹ ይፈርሳል። ግን ይህን ጥያቄ ኢትዮጵያዊ ሲጠይቀው ነው የሚያሳዝነኝ። አዳማ የተወለደችው ሲፋን ሐሰን በዚያው ፓሪስ፣ ውድድሩ በተዘጋበት ቀን፣ የኔዘርላንድን ማልያ ለብሳ ትዕግስት አሰፋን በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ቀድማ የማራቶን ወርቅ ስትወስድ ስንቶቻችን ነን “የእኛው ናት” ያልነው? አገር ሲቀየር የእኛ የሆነው ሰው ይከበራል፣ የሌላው ሲሆን ይነቀፋል ማለት ነው? የሰው ልጅ ያደገበት፣ የላበበት፣ ባንዲራውን ለብሶ የተንቀጠቀጠበት አገር አገሩ ነው። ከስደት ጋር የማይተዋወቅ ቤት በሌለበት አገር ይህ ጥያቄ መነሳት አልነበረበትም።

አንድ ነገር አልክድም፤ ፈረንሳይ አዘጋጅ ሆና፣ ቬንሴን ጫካ ውስጥ የብሔራዊ የስፖርት ተቋሟን ይዛ፣ ቲዬ ላይ በየዓመቱ የዓለም ምርጦችን እየጋበዘች፣ በ2011 ሞንፔሊዬ ላይ የዓለም ሻምፒዮና አስተናግዳ፣ አሁንም በዚህ ስፖርት አንድም የኦሊምፒክ ሜዳሊያ የላትም። ይህ ይጠየቅ። የሚጠየቀው ግን ፌዴሬሽኑ ነው፤ በጀት የሚመድበው፣ አሠልጣኝ የሚቀጥረው፣ ልጆችን በጊዜ የሚለየው አካል ነው። የሃያ ዓመት ልጅ አይደለችም። በአገራችንም ሁልጊዜ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ቢሮ ውስጥ ያለው ሰው ያጠፋል፣ ሜዳ ላይ ያለው ልጅ ይሰደባል።

እነዚያው ሦስት ሰዎች ከዚህ ወሬ አምስት ደቂቃ ቀደም ብሎ ታምራት ቶላን ሲያሞግሱ ነበር፤ ሊሞገስም ይገባዋል። ግን ታምራት ለፓሪስ የተመዘገበው በተጠባባቂነት መሆኑን ረስተውታል? ሲሳይ ለማ ባይጎዳ ኖሮ አይሰለፍም ነበር። ከጅማሬው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ተጠራ፤ ነሐሴ 4 ቀን በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ገባ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በፖርት ደ ላ ሻፔል የሪትሚክ ጂምናስቲክ የቡድን ፍጻሜ እየተካሄደ ነበር። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ቀን። ሐምሌ ላይ አንድ ሰው ታምራትን “ቁጥር ማሟያ” ቢለው ምን ይሉት ነበር?

ከእነሱ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በሚቀጥለው ዝግጅታቸው የልጅቷን ስም በትክክል ጠርተው ያሉትን ያንሱ። የ2028ቱ ሎስ አንጀለስ ሲመጣም ስለዚህ ስፖርት ከማውራታቸው በፊት አንድ ማጣሪያ፣ ከመጀመሪያዋ እስከ 24ኛዋ፣ ድምፁን ሳይቀንሱ ተቀምጠው ይመልከቱ። ያን ካደረጉ በኋላ “ቁጥር” የምትለው ቃል ከአፋቸው ከወጣች እንነጋገራለን።